ዝገቱን በልቶ ብረቱን የሚተው አሲድ

የብረት በርና መስኮት ነው የምሠራው። ክረምቱን ደጅ የከረመ ላሜራ ዝገት ሲይዘው እስከ ዘንድሮ በብረት ብሩሽ እታገለው ነበር፣ ሲሰለቸኝ ደግሞ ተራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። አሲዱ ፈጣን ነው፤ ግን ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ይቀጥላል። አንድ ቀን ቀጭን ላሜራ ረስቼ አሳደርኩና ጠዋት ሳወጣው ጠርዙ ሳስቶ በጣቴ ታጠፈ።

አሁን ኢንሂቢተር፣ ማለትም አሲዱ ብረቱን እንዳይበላ የሚያዘገይ ኬሚካል፣ የተጨመረበትን አሲድ ከመርካቶ ገዛሁ፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን። ዋጋው ከተራው እጥፍ ገደማ ስለሆነ ዝም ብዬ አላመንኩትም። ሁለት ብርጭቆ አቀረብኩ፣ አንዱ ውስጥ ተራውን፣ ሌላው ውስጥ አዲሱን ቀዳሁና አዳዲስ ምስማር ጨመርኩባቸው። በተራው አሲድ ውስጥ ያለው እንደ አምቦ ውሃ ተንተከተከ። ያ አረፋ ሃይድሮጅን ነው፣ ብረቱ እየተበላ ነው ማለት ነው። በአዲሱ ውስጥ ያለው ግን አልፎ አልፎ አንዲት አረፋ ብቻ እየለቀቀ ዝም አለ። የዛገ ምስማር ስጨምርበት ደግሞ ዝገቱ ለቀቀና አሲዱ ቢጫ ሆነ። በጣም ደስ አለኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኢንሂቢተር የሚሆኑት እንደ ሄክሳሚን ያሉ ናይትሮጅን ያላቸው ኬሚካሎች ንጹሑ ብረት ላይ ተለጥፈው አሲዱን የሚያግድ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ዝገቱን ግን አሲዱ እንደ ልቡ ይበላዋል። ሽፋኑ የብረቱን መበላት ጨርሶ አያስቆመውም፣ ያዘገየዋል። ስለዚህ አሁንም አላሳድርም፣ አሲዱንም አላሞቀውም፤ ሲግል መከላከሉ ይደክማል።

ቅሬታም አለኝ። ጀሪካኑ ላይ የትኛው ኢንሂቢተር፣ ምን ያህል እንደተጨመረ አልተጻፈም። ለሚሠራበት ሰው ይህ መደበቅ የለበትም።

ሌላው፣ ብረቱ ከአሲዱ ከወጣ በኋላ ጥበቃ የለውም። የመጀመሪያውን በር አጥቤ ምሳ በልቼ ስመለስ ብርቱካን መስሎ ጠበቀኝ። አሁን በውሃ አጥባለሁ፣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እደግማለሁ፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ ቶሎ አደርቅና ወዲያው አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እቀባለሁ። ጭሱም ያው የአሲድ ጭስ ነው፤ ክዳኑን ሳልገጥም ባደርኩበት ሌሊት አጠገቡ የነበሩት ፒንሳዎቼ ዛጉ። ደጅ አውጥታችሁ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ሥሩ። ከበረኪና ጋር ፈጽሞ እንዳታገናኙት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮም አታስገቡበት፣ ልባጡን ጠርጎ ይበላዋል።

ዚንክ ላልተለበጠ ጥቁር ብረት ግን ዋጋው ያዋጣል። ጀሪካኑ ሊያልቅ ነው፣ ሁለተኛ እገዛለሁ።