ከፒትስበርግ እስከ ጆርጅታውን፦ መኪና የማይገባበት የተራራ መንገድ በብስክሌት

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት መንዳት መቼ እንደተማረ አያስታውስም። እኔም አላስታውስም። ትምህርት ቤት የሄድኩት በብስክሌት ነው፤ እናቴ ገበያ ስትልከኝ ዘንቢሉን መሪው ላይ አንጠልጥዬ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ፔዳል አልረገጥኩም። የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከደጃፌ ወጥቼ የማገኘው መኪና የሚከንፍበት ሰፊ ጎዳና ብቻ ነው። ብስክሌት ያስተወኝ እሱ እንጂ ዕድሜ አልነበረም።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ብስክሌታችንን ባቡር ላይ ጭነን ፔንሲልቬንያ፣ ፒትስበርግ ሄድን። ከዚያ የአሌጌኒን ተራሮች አቋርጠን በስምንት ቀን ወደ ዋሽንግተን ተመለስን። አልፎ አልፎ አስፋልት ከመሻገር በቀር 538 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ መኪና ነዳን። መንገዱን መጠቀም በነጻ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ ብስክሌት የናፈቃችሁና መኪናና ዳገት ፈርታችሁ የተዋችሁት እንድታነቡት ነው።

ጉዞው ሁለት መንገዶች ተገጣጥመው የሚሠሩት ነው። የመጀመሪያው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል፤ ከፒትስበርግ እስከ ሜሪላንድ ከምበርላንድ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ባቡር ያቆመበት የድሮ ሐዲድ ተነቅሎ ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ፈስሶበታል። የመጀመሪያው ቁራሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ኦሃዮፓይል አካባቢ ተከፍቶ፣ ጠቅላላው ፒትስበርግ የደረሰው በ2013 ነው። ሁለተኛው ከከምበርላንድ ዋሽንግተን ውስጥ እስካለችው ጆርጅታውን በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚወርደው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳርቻ ነው፤ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የተመላለሱበት 297 ኪሎ ሜትር።

ለእኔ ተራራ ሲባል ፊቴ ድቅን የሚለው ሊማሊሞ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገር ግን መንገዱ የተቀየሰው ለባቡር ነው፤ ባቡር ደግሞ ቁልቁለትም ዳገትም አይወድም። ከፒትስበርግ በኩል ሲመጡ ከፍታው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ዘወር ብሎ «እታለም፣ ዳገቱ የታለ?» አለኝ። እየወጣን እንደነበር ያወቅነው ከጎናችን ያለው የካስልማን ወንዝ በተቃራኒው ወደ ኋላችን ሲፈስ አይተን ነው።

ከሜየርስዴል አልፎ 729 ሜትር ከፍታ ላይ የውሃ መክፈያው አለ። ትንሽ የመኪና ድልድይ ሥር የተሠራ መሿለኪያ ነው፤ ግድግዳው ላይ የመንገዱ ከፍታና ዝቅታ ተስሎበታል። እዚያ የወደቀ ጠብታ በአንድ በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በሌላው በኩል ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። የዓባይ ዳር ልጅ ነኝና ውሃ የሚለያይበትን ቦታ በእግሬ ቆሜበት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከኮዳዬ ትንሽ በዚህ፣ ትንሽ በዚያ አፈሰስኩ።

ከዚያ ቀጥሎ የቢግ ሳቬጅ ዋሻ ይመጣል። አንድ ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ውስጡ መብራት አለው። ውጭ ላባችን እየተንጠፈጠፈ ነበር፤ ስንገባ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል፣ የጎማችን ድምፅ ግድግዳው ላይ እየተመታ ከፊታችን ይመለሳል። መጨረሻው ላይ የታየው ብርሃን እያደገ እያደገ መጥቶ ድንገት ወጣን፤ ከእግራችን ሥር የሜሪላንድ ተራሮች አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደርድረዋል፣ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ መሆን ጀምሯል። ወንድሜ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አማተብኩ። ከዚህ እስከ ከምበርላንድ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ፔዳል መርገጥ ረሳሁ። በተቃራኒው አቅጣጫ መምጣት የሚፈልግ ይህን ሁሉ መውጣት እንዳለበት ይወቅ። ዋሻው በበረዶ ወራት ስለሚዘጋ ያኔ አትሂዱ።

በዚህኛው ክፍል ያሉት ትናንሽ ከተሞች ብስክሌተኛን ያውቃሉ። ጭቃ ለብሳችሁ ብትደርሱ ፊታቸውን አያጠቁሩም፤ ደጃፋቸው ላይ የውሃ ጎማ ዘርግተው ብስክሌት ያስጥባሉ። ኦሃዮፓይል ፏፏቴው አጠገብ አንድ ተጨማሪ ቀን ባለማደራችን ይቆጨኛል። ፍሮስትበርግ ከመንገዱ በላይ ስለሆነች ለማደር የመረጠ ጠመዝማዛውን አቀበት ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል።

ቦዩ ጋ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ አፈር ነው፤ ሥርና ድንጋይ አለው፣ ከዘነበም ይላቁጣል። ለጉዞው ስዘጋጅ አንድ የብስክሌት መደብር ውስጥ ያለ ሻጭ ቀጭን ጎማ እንደሚበቃኝ አረጋግጦ ሸጦልኝ ነበር። ፖ ፖ የምትባል ከተማ አካባቢ ግማሽ ቀን በዘነበብን ዝናብ ያ ጎማ እንደ ቢላዋ ጭቃውን እየሰነጠቀ ገባ፤ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ጭቃው ፓራፋንጎው ውስጥ ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር አቃተው፤ በእንጨት እየቆፈርኩ ነው ያወጣሁት። ያንን ሻጭ አሁንም ይቅር አላልኩትም። ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይኑራችሁ። ጭቃ ያስመረረው ከሊትል ኦርሊንስ ጀምሮ ከቦዩ ጎን ለጎን ወደሚሄደው አስፋልት የብስክሌት መንገድ ይሻገር፤ እኛ ወደ ሃንኮክ የተረፍነው በእሱ ነው።

የፖ ፖ ዋሻ ለብቻው ይነገር። 950 ሜትር ነው፤ ሥራው በ1836 ተጀምሮ በ1850 ነው ያለቀው፤ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጡብ ገብቶበታል። መብራት የለውም። ወርዳችሁ፣ ባትሪ አብርታችሁ፣ በአንድ እጅ አጥሩን ይዛችሁ ትገፋላችሁ። መደገፊያው እንጨት በቅሎዎቹ የሚጎትቱት የጀልባ ገመድ እየተሳበበት ተቦርቡሯል። ጣቴን አንዱ ቦርቡር ውስጥ ከትቼ ስንት በቅሎ እንዳለፈ አሰብኩ።

በቦዩ ዳር በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ገደማ ነጻ የድንኳን ማደሪያ አለ፤ ጠረጴዛ፣ እሳት ማንደጃ፣ መጸዳጃና የእጅ ፓምፕ አለው። ውሃው በአዮዲን የታከመ ነው፤ ጣዕሙ የመድኃኒት ነው። በሱ በሶ ስንጨብጥ ግን ማር ስላገባንበት ጠፋ። እዚህ ጉዳይ ላይ ምክር ልስጥ፦ በየሱቁ የሚሸጠውን የስፖርት ብስኩት ተዉት። ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ዕቃ ጭኮ፣ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ከኋላ መጫኛው ላይ አስረን ነው የተነሳነው። ሁለት ጭብጦ በልቼ እስከ ቀትር አልራበኝም።

ይህ ቦይ ዛሬ የመኪና መንገድ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ጀልባው በ1924 ከቆመ በኋላ ለመኪና ሽርሽር አውራ ጎዳና ሊያደርጉት አሰቡ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በጥር 1954 ሐሳቡን የደገፉትን የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ አዘጋጆች ኑና አብራችሁኝ በእግር ሂዱ አሏቸው። በመጋቢት ሙሉ መንገዱን ተጓዙ፤ አብረዋቸው ከተነሱት ጥቂቶች ብቻ ናቸው እስከ መጨረሻው የደረሱት። ሐሳቡ ተሰረዘ፤ ቦዩም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። በየቀኑ ማታ ድንኳን ውስጥ ሆኜ የወፍና የውሃ ድምፅ ብቻ ስሰማ እኚህን ሰው አመሰግን ነበር።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጆርጅታውን ገባን። የዜሮ ማይል ድንጋዩ ከጀልባ ቤት ጀርባ ተሸሽጓል፤ ጠይቀን ነው ያገኘነው። ጭቃ የጠጣ ጫማዬን ድንጋዩ ላይ አሳርፌ ወንድሜ ፎቶ አነሳኝ። ወዲያው ከበላያችን የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ፤ ስምንት ቀን ረስቼው ኖሮ ደነገጥኩ።

ስምንት ቀን ዕረፍት የማይገኝለት ሰው ተራራውን ብቻ ይንዳ። ማታ ባቡሩ ኮነልስቪል ያወርደዋል፤ አድሮ እስከ ከምበርላንድ ያለውን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ቀስ ብሎ ይጨርሳል፤ ወደ ዋሽንግተን የሚመልሰው ባቡር ከምበርላንድ ጠዋት ያልፋል። የብስክሌት ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቲኬቱን ቀደም ብሎ ይቁረጥ። እኔ በሚያዝያ ዋሻው እንደተከፈተ በዚሁ መንገድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሰፊ ጎማ ከወዲሁ ገዝቼለታለሁ።