ጠፍጣፋ ላስቲክ ወይስ ቱቦ? ወንጭፍ ለሚገዙ የሚሆን ንጽጽር

በወንጭፍ ኢላማ መምታት ደስ ይላል። ትንፋሽን ያረጋጋል፣ ዓይንና እጅን ያስማማል። ለመግዛት ሲነሱ ግን ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ጉልበት ያለው የቱ ነው?» ብለው ነው። በ10 ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለ ባዶ ጣሳ ለመምታት ያን ያህል ጉልበት አያስፈልግም። ላስቲኩ ከአቅም በላይ ሲጠነክር እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው በደንብ ሳያነጣጥር ቶሎ ይለቃል። ኢላማውን የሳተችው ትንሽ የብረት ወይም የሸክላ ኳስ ደግሞ ያንኑ ጉልበት ይዛ ነው የምትሄደው። ስለዚህ እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ለስላሳውን ነው። ከዚህ በታች ያለውንም የማወዳድረው በዚሁ ሚዛን ነው።

ላስቲኩ

ገንዘባችሁን ባላው ላይ (ላስቲኩ የሚታሰርበት ባለ ሁለት ቀንድ እጀታ) ከመጨረሳችሁ በፊት ላስቲኩን እዩ። ገበያ ላይ ያሉት በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው።

ጠፍጣፋው ከስስ ላቴክስ ተቆርጦ የሚሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ በባላው በኩል ሰፋ፣ ኳሷ በምትያዝበት የቆዳ ማቀፊያ በኩል ጠበብ ይላል። ቀላል ስለሆነ ሲለቀቅ ቶሎ ይሰበሰባል። ትንሽ ስባችሁ ጥሩ ፍጥነት ታገኛላችሁ፤ እጅ አይደክምም። ችግሩ ዕድሜው ነው። ቶሎ ያልቃል፣ መቀየሪያ ሁሌ መያዝ ያስፈልጋል።

ቱቦው ወፈር ያለና ውስጡ ክፍት ነው። መቧጨርን ይችላል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ያገለግላል። ነገር ግን ከባድ ስለሆነ ለተመሳሳይ ፍጥነት የበለጠ መሳብ ይጠይቃል። ሌላው ቅር የሚለኝ ነገር ከውስጥ በኩል የጀመረ ስንጥቅ ከውጭ አለመታየቱ ነው።

ጠፍጣፋው ግን ሊበጠስ ሲል ምልክት ያሳያል። ቆዳው የታሰረበትን ቦታ ብርሃን ላይ ያዙና ትንሽ ለጠጥ አድርጉት። ጠርዙ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቅንጣት ጭረት ካያችሁ ጊዜው አልፏል፤ «አንድ ሁለቴ ልወርውርበትና» ማለት አያዋጣም። ላስቲክ በባላው በኩል ከተበጠሰ ተፈናጥሮ የሚመጣው ወደ ፊታችሁ ነው። ስለዚህ እሱንም ጫፍ በየጊዜው ተመልከቱ።

ርዝመቱም ከክንዳችሁ ጋር መመጣጠን አለበት። እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ማቀፊያውን ጉንጫችሁ ድረስ ስትስቡ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል እንበል። 16 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ካሰራችሁ 5 እጥፍ ይለጠጣል፤ ፈጣን ነው፣ ግን ቶሎ ይሞታል። 20 ሴንቲ ሜትር ካደረጋችሁት 4 እጥፍ ብቻ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ይቆያልም። ለጀማሪ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ላስቲክ በዚህ ልክ ቢታሰር ይበቃዋል። ሁለቱንም ዓይነት ፀሐይና ሙቀት ስለሚጎዳቸው ጨለማ ቦታ አስቀምጧቸው።

ባላው

ክንድ ላይ የሚያርፍ የብረት ድጋፍ ያላቸው ወንጭፎች ሱቅ ውስጥ ዓይን ይስባሉ። ድጋፉ የተሠራው ለጠንካራ ላስቲክ ነው፤ ሸክሙን ከእጅ አንጓ ወደ ክንድ ያዛውራል። ላስቲኩ ለስላሳ ከሆነ ምንም አይጨምርላችሁም። እንደ ጀርመን ባሉ አገሮች ደግሞ እንዲህ ያለው ወንጭፍ በሕግ የተከለከለ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ አጣሩ።

ድጋፍ በሌላቸው መካከል ስትመርጡ የሁለቱን ቀንዶች ክፍተት እዩ። ጠባቡ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ እጅ ላይም ይቀላል፤ ለጀማሪ ግን አይመችም። ማቀፊያውን ትንሽ አጣማችሁ ከለቀቃችሁ ኳሷ ቀንዱን ትመታለች፤ ከዚያ ወደ ጣት ወይም ወደ ፊት ትነጥራለች። ሰፋ ያለው ይህን ስህተት ይችላል። በጣም ሲሰፋ ደግሞ አንጓ ያደክማል፤ ስለዚህ መካከለኛውን ያዙ።

የተሠራበትን ነገር በተመለከተ፣ ጠንካራ ፕላስቲክና ተደራርቦ የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ ይሻሉኛል። ከአንድ ጣውላ የተቆረጠ ባላ ግን የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። ርካሽ ተቀልጦ የተፈሰሰ ብረትም ውስጡ የማይታይ የአየር ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል አላምነውም።

የሚወረወረው

8 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ 2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 9.5 ሚሊ ሜትሩ 3.5 ግራም ይጠጋል። ክብና እኩል ስለሆኑ በትክክል ይሄዳሉ፤ ተለቅመውም ደግመው ይወረወራሉ። ጠንካራ ነገር ሲመቱ ግን በኃይል ይነጥራሉ። የሸክላ ኳስ ቀላል ነው፤ ጠንካራ ነገር ሲመታ ይፈረካከሳል እንጂ እንደ ብረት አይነጥርም። ለመለማመድ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የብርጭቆ ብይ ተሰብሮ ስለታም ስባሪ ይበትናል። ድንጋይ ቅርጹ ወጣ ገባ ስለሆነ አካሄዱ አይታወቅም። እርሳስ መርዛማ ነው፤ ጭራሽ አትንኩት።

ከወንጭፉ ጋር የሚገዙት

መከላከያ መነጽር ከባላው እኩል ዋጋ ስጡት። የፀሐይ ወይም የንባብ መነጽር አይተካውም። ኢኤን 166 (EN 166) ወይም አንሲ ዜድ 87.1 (ANSI Z87.1) የሚል የዓይን መከላከያ ደረጃ ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ ጎንንም የሚሸፍን ይሁን። አጠገባችሁ ቆሞ የሚያይ ሰውም ያድርግ።

ከኢላማው ጀርባ የሚቆመው ኳስ መያዣ ቤት ውስጥም ሊሠራ ይችላል። ጠለቅ ያለ ካርቶን ውስጥ ወፍራም ጨርቅ ከላይ ብቻ አንጠልጥሉ። ጨርቁ ከታች መታሰር የለበትም፤ ተወጥሮ ከታሰረ ኳሷን መልሶ ይገፋታል። ላላ ብሎ ሲንጠለጠል ግን አብሯት ይሄድና ጉልበቷን ይጨርሳል፤ ኳሷም እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ትወድቃለች። ጨርቁ የሳሳበትን ቦታ እያያችሁ ቀይሩት።

ለልጅ የምትገዙ ከሆነ ሁለት አማራጭ አለ። የመጫወቻ ሱቅ ወንጭፍ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ላስቲኩ አይቀየርም፣ መቼ እንደሚበጠስም አይታወቅም። ለእጁ የሚመጥን ትንሽ ባላ፣ በጣም ስስ ጠፍጣፋ ላስቲክና የሸክላ ኳስ ይሻላል። ኳሶቹን ግን እናንተ ያዙ፤ እያንዳንዷን በእጃችሁ ስጡት፣ እስኪጨርስም አጠገቡ ቁሙ።