ሃይላንዱን ለቆራሌው ወይስ ከነጭራሹ አለመግዛት?

ባሕር ዳር፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወደ ጣና ዳር ውጡ። ጎርፍ ያወረደው ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ያሳዝናል። ታዲያ የሚሻለው ፕላስቲኩን መልሶ ማቅለጥ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ቆሻሻ አለማብዛት?

ወጪ፦ ባዶ ሃይላንድ ሲሸጥ ጥቂት ሳንቲም ያመጣል፤ ለሰብሳቢው ግን እንጀራው ነው። ዘንቢል አንዴ ተገዝቶ ዓመታት ያገለግላል።

ቅለት፦ ሃይላንድ ማጠራቀም አይከብድም። ዘንቢል ይዞ መውጣት ልምድ ይጠይቃል።

ገደቡ፦ ዋናው ነገር እዚህ ነው። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የተለያየ ዓይነት ፕላስቲክ አንድ ላይ አይቀልጥም። በቀለጠ ቁጥርም ጥራቱ ይወርዳል፤ ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ የጨርቅ ክር ሆኖ ይቀራል። ፌስታልማ ቀጭን ነው፣ ማሽን ላይ ይጠመጠማል፣ ቆራሌውም አይፈልገው።

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስን ደግሞ ተመልከቱ። ከነሳጥኑ ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሞላል። ለጎጃም ይህ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን የመንገድ ስንቅ የሚቋጥሩት በአገልግል ነበር። እኔ ሚዛኔ ወደዚህ ያደላል።

መንገድ ላይ ሆናችሁ ንጹሕ ውሃ ከጠፋ ሃይላንዱን ግዙ፤ ባዶውን ለቆራሌው አቆዩለት። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ገበያ ስትወጡ ግን ዘንቢል ያዙ። ለሠርግና ለተዝካር የሚታጠብ ብርጭቆና ሳህን ከእድሩ ተዋሱ።