«የተፈጥሮ ኮንሰርት» ብለው ቲኬት ለሚሸጡላችሁ እንዳትከፍሉ

ትናንት ማታ ነው የሆነው። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ «ሙሉ ኦርኬስትራ ከአዲስ አበባ» ተብሎ ለአንድ ሰው 1,500 ብር። እኔና የ11 ዓመት ልጄ 3,000 ብር ከፈልን። እንዲህ ያሉትን አዘጋጆች ታውቋቸዋላችሁ። ፖስተሩ ያምራል፣ ብሩ በሞባይል ይላካል፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት የለም። «ስንት ተጫዋች ነው የሚመጣው?» ብዬ አዘጋጁን ጠይቄው ነበር። «አንተ ብቻ ና፣ ትደሰታለህ» አለኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ግን ፕሮግራሙ ላይ የቪቫልዲን «አራቱ ወቅቶች» እና የቤትሆቨንን ስድስተኛ ሲምፎኒ ሳይ ተሸነፍኩ።

ስድስተኛውን ለዓመታት በስልኬ ስሰማው ኖሬያለሁ። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1808 ቪየና ላይ ያሰማው፣ ገጠር ሲወጣ የሚሰማውን የጻፈበት ሥራ ነው። ሁለተኛው ክፍል ጅረት ዳር ነው። መጨረሻው ላይ ሦስት ወፎች ይመጣሉ፤ ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ፍሉት ናይቲንጌልን፣ ኦቦ ድርጭትን፣ ክላሪኔት ኩኩን ሆነው። ሳምንቱን ሙሉ ለልጄ ይህን ሳስረዳት ነው የሰነበትኩት። እሷም ቀን ስትቆጥር ነበር።

መድረክ ላይ ዘጠኝ ሰው ወጣ። ለሙሉ ኦርኬስትራ ለተጻፈ ሲምፎኒ ዘጠኝ ሰው! ድምፁ ግን ግቢውን ሞላው። በማይክ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ወፎቹ ሊመጡ ሲሉ የልጄን እጅ ያዝኩ። ፍሉቱ ጀመረ። ትንሽ እንደሰማን መብራት ጠፋ።

ሙዚቃውም አብሮ ጠፋ። ቀጥ አለ።

ሰው ስልኩን አበራ። ፍሉት ተጫዋቿ ፍሉቱን ከንፈሯ ላይ እንዳደረገች ናት። ከፊት ያለው ቫዮሊን ተጫዋች ደጋኑን አንዴ፣ ሁለቴ ሳበ። ደጋኑ ክሩን አይነካም። ከሐይቁ በኩል የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ ይሰማል። ልጄ ቀስ ብላ «አባዬ፣ ቫዮሊን በመብራት ነው እንዴ የሚሠራው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሙዚቃው ከስፒከሩ እንደገና ጀመረ። ተጫዋቾቹ ገና ወንበራቸውን እያስተካከሉ ነበር።

በሩ ላይ ያለውን ልጅ ብሬን መልስልኝ አልኩት። ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ሙዚቃውን ሰምተህ የለ? ሌላው ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ልጄ ፊት። ከብሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። አዘጋጁ ደግሞ ስልኩን ዘግቷል።

ተጫዋቾቹ ወጣቶች ናቸው። መጫወትም ይችሉ ይሆናል። አስር ደቂቃ በገዛ እጃቸው ቢያሰሙን ኖሮ ቆሜ ነበር የማጨበጭብላቸው።

ስንት ተጫዋች እንደሚመጣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ያለ ደረሰኝም አትክፈሉ። ለመጪው ቅዳሜ ደግሞ ቲኬት እየሸጡ ነው።