ኮቶሌት፦ በጥጃ ሥጋ ወይስ በበሬ ሽንጥ?

ሰበታ ሰፈራችን ጥጃ ሥጋ ብዬ ስጠይቅ ባለ ሉካንዳው ሳቀብኝ። ከተማ ድረስ ወርጄ አመጣሁ። ጥጃ ለጋ ነው፤ ትንሽ ደብደብ ካደረጉት በየጎኑ 2 ደቂቃ ይበቃዋል። የቪየናው ኮቶሌት የሚሠራውም በእሱ ነው። ችግሩ ዋጋውና መንገዱ።

የበሬ ሽንጥ ሥራ ይፈልጋል። ከሥጋው ክር አግድም በስሱ ይቆረጣል፤ ከዚያ ላስቲክ አልብሶ ግማሽ ሴንቲሜትር እስኪሆን መደብደብ ነው። መዶሻ ስለሌለኝ በዘነዘና ወቀጥኩት። ጎረቤቴ ቡና የተወቀጠ መስሏት ከች አለች! ዱቄት፣ እንቁላል፣ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ፍርፋሪ ጣል ሲያደርጉበት ዘይቱ ቸስ ካላለ ቆዩ፤ አለዚያ ኮቶሌቱ ዘይት ይጠጣል።

ለእንግዳ ጥጃው ይሻላል። ለቤት ግን እኔ ሽንጡን ነው፤ ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁትም።