ላቀች ምድጃ፦ በነሐሴ ዝናብ፣ ከአቦል እስከ በረካ

ነሐሴ ነው። እንጦጦ ላይ የጠቆረው ደመና አራት ኪሎ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ቆርቆሮው መንኳኳት ሲጀምር መብራት ይሄዳል፤ ልጆቹ ትምህርት ዘግተዋል፤ የወጣውም ጫማውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ገብቷል። «ተመስገን፣ ውጭ ላለው ይዘንለት» ከተባለ በኋላ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው አንድ ዕቃ ላይ ነው፤ ምድጃው ላይ። በአዲስ አበባ መሐል ከሚሸጡት የከሰል ምድጃዎች ቤተሰብን እስከ በረካ አስቀምጦ የሚያቆየው ላቀች ነው። ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ጤነኛ ሸክላና ክፍት የቤት በር።

ላቀች ጂኮ የሚባለውን የኬንያ የሸክላ ከሰል ምድጃ መነሻ አድርጎ በ1980ዎቹ የተሠራ ነው። ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ የተተኮሰ ሸክላ፣ ከታች አመድ የሚወርድበትና አየር የሚገባበት ትንሽ በር። ተራው የብረት ምድጃ ግማሹን ሙቀት ለእግራችን ሲያድል፣ ሸክላው ወደ ጀበናው ይመልሰዋል። ከብረቱ አንድ አራተኛ ያህል ከሰል ይቆጥባል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ሸክላው ካልተሰነጠቀና የታችኛው በር በትክክል ከገጠመ ብቻ።

ችግሩ ደግሞ እዚያው ላይ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ ሾላ ገበያ በላቀች ስም የሚሸጠው ሁሉ ላቀች አይደለም። ቅርጹ አንድ ነው፤ ቀለሙ ያምራል፤ ሸክላው ግን በደንብ ያልተተኮሰ ይሆናል። ቀለሙን ተዉትና ሸክላውን በጥፍር ፋቁት። እንደ ዱቄት ከተነሳ አልበሰለም፤ አንድ ክረምት አይሻገርም። ቀጥሎ በጣት አንኳኩት። ጠርቶ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ፤ የወንፊቱ ቀዳዳዎች ዳር እስከ ዳር መበሳት አለባቸው። በጭቃ የተደፈኑ ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች ከሰሉ በአንድ ጎን ብቻ እንዲነድ ያደርጋሉ፤ ያኔ ቡናው ግማሹ ያርራል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ማጣበቂያ ክፍተት ካለው ሸክላው በወር ውስጥ ይላላል። የድስት መቀመጫዎቹ ሦስቱም እኩል መሆናቸውን ደግሞ ሻጩ ፊት ድስት አስቀምጣችሁ አረጋግጡ፤ ቢስቅባችሁም ይሳቅ።

አዲሱን ምድጃ በመጀመሪያው ቀን ሞልቶ ማንደድ ሸክላውን መስበር ነው። ውስጡ የቀረው እርጥበት ወደ እንፋሎት ሲቀየር መውጫ ያጣና ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ለሁለት ሦስት ቀን በእፍኝ ፍም ብቻ አሙቁት፣ በራሱም ጊዜ ይብረድ። በክረምት ደጅ ያደረ ምድጃም እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፤ ሸክላ ውሃ ይጠጣል። ከታች ጡብ ወይም የሴራሚክ ቁራጭ ይግባለት። እርጥብ ወለል ቆርቆሮውን ያዝገዋል፤ የላስቲክ ምንጣፍ ከሆነ ደግሞ ምንጣፉ ይቀልጣል።

ከሰሉ ከምድጃው እኩል ይወስናል። የግራር ከሰል ከባድ ነው፤ እርስ በርሱ ሲጋጭ ይጮሃል፤ ፍሙ ይቆያል። የባሕር ዛፉ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም አመድ ይሆናል። በክረምት ማዳበሪያው ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ ስለሚሆን ከመግዛት በፊት እጅን እስከ ታች መስደድ ነው። እርጥብ ከሰል ይንጣጣል፤ ፍንጣሪው ቄጤማው ላይ ብቻ ሳይሆን የልጅ እግር ላይም ያርፋል። ለማቀጣጠል ጭራሮ በቂ ነው። ፌስታል የሚያነዱ ግን የቡናውን ሽታ ገና ሳይቆላ ያበላሹታል፤ ጭሱም መርዝ ነው።

ለስድስት ሰው ቡና 350 ግራም ያህል ከሰል ይበቃል። ከበረንዳ ክዳን ሥር አቀጣጥሎ፣ የምድጃውን የታች በር ሙሉ ከፍቶ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማራገብ ነው። ጥቁሩ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ የታችኛው በር ወደ ግማሽ ይመለስ። ጥሬ ቡናው አንድ ስኒ ሙሉ፣ 55 ግራም ገደማ ነው። ሲቆላ በሩ ግማሽ ይቆይ፤ ጀበናው ሲጣድ ሩብ ይበቃዋል። በዚህ ከተማ ከፍታ፣ 2,350 ሜትር አካባቢ፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እሳት መጨመር ቡናውን አያፋጥነውም፤ ገንፍሎ ፍሙን ያጠፋል እንጂ። ጀበናው ማቶቱ ላይ አምስት ደቂቃ አርፎ አተላው ሲወርድ አቦል ይቀዳል። ላቀች የሚያኮራው ከዚህ በኋላ ነው፤ የምድጃው የታች በር ተዘግቶ የቀረው ረመጥ ቶናንና በረካን ያለ ተጨማሪ ከሰል ያደርሳል። የብረቱ ምድጃ ቶና ላይ ይለምናል። ጀበናው ሲወርድ እሸት በቆሎ ለሚጠብቁት ልጆችም ረመጡ ይተርፋል።

አሁን ወደ ክፍቱ የቤት በር። ላቀችን ቤት ማሞቂያ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ። «ጭሱ ከወጣለት ችግር የለውም» የሚባለው ትልቅ ስሕተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደንብ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል አጥብቆ ይይዛል። እጣን ማጨስም ሆነ በጣሳ ውሃ አጠገቡ ማስቀመጥ አይቀንሰውም። ዝናቡ ገባ፣ ብርዱ ገባ ብሎ በርና መስኮት መዝጋት የሚመጣው ደግሞ ልክ በነሐሴ ነው። ምድጃው ከተቻለ በረንዳ ላይ፣ ካልሆነ ደጃፍ አጠገብ ይቀመጥ፤ የቤቱ በር ክፍት ይሁን፣ ከፊት ለፊቱ ያለው መስኮትም እንዲሁ። የሚበርደው ጋቢ ይደርብ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ፣ ወይም ልጅ ባልተለመደ ሰዓት ከተኛ፣ ሁሉም ዝናብም ቢሆን ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከዚያ ወደ 907 አምቡላንስ ይደወል።

ይህ ጉዳይ ከ2016 ጀምሮ የበለጠ ይመለከተናል። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ፣ በኋላም ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ምድጃቸውን ይዘው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ግቢ ውስጥ ባለ ማድ ቤት ምንም ያልነበረበት ምድጃ፣ መስኮቱ በተዘጋ የፎቅ ኩሽና ውስጥ ሌላ ዕቃ ነው። እዚያ ቦታው በረንዳ ብቻ ነው፤ በረንዳ ለሌለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል፣ መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ቢሆንም።

በረካ ተጠጥቶ ምርቃቱ ሲያልቅ የተረፈውን ፍም በውሃ ማጥፋት አይገባም፤ ትኩስ ሸክላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ፍሙን በመቆንጠጫ እየለቀሙ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ ከትቶ መድፈን ነው፤ አየር ሲያጣ ራሱ ይጠፋል። ጣሳውም ምድጃውም ከቤት ውጭ፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ይደሩ። ጠዋት የተረፈው ከሰል ከአዲሱ ቀድሞ ይያያዛል።