ፒዲጂ፦ ቁጥሩን ገልብጣችሁ ከመውጣታችሁ በፊት

የአንድን ቅንጣት (እንደ ኤሌክትሮን ያለ፣ ከአተም ያነሰ ነገር) ግዝፈት ወይም ዕድሜ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ፒዲጂ ላይ ነው፤ ስሙ ሲዘረዘር ፓርቲክል ዴታ ግሩፕ፣ የቅንጣቶችን መረጃ የሚሰበስብ ቡድን ነው። ማዕከሉ ካሊፎርኒያ፣ ሎረንስ በርክሌይ ላብራቶሪ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ግን ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ፊዚሲስቶች ናቸው። ትልቁ እትም በየሁለት ዓመቱ ይወጣል። ድረ ገጹ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም።

አገልግሎቱ ባጭሩ ይኼ ነው። የተለያዩ ሙከራዎች አንዱኑ ነገር ለክተው የተለያየ ቁጥር ያመጣሉ። እነሱ ሁሉንም ሰብስበው፣ አመዛዝነው፣ አንድ አማካይ ከነስህተት ህዳጉ ያቀርባሉ። አብዛኛው ሰው ያንን ቁጥር ገልብጦ ይወጣል። ለእኔ ግን የዚህ ድረ ገጽ ትልቁ ቁም ነገር ከቁጥሩ ሥር የተደረደረው ዝርዝር ነው።

ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ለማየት ደካማ የሚባለውን የኑክሌር ኃይል የሚያስተላልፈውን ቅንጣት፣ የደብልዩ ቦዞንን ገጽ ክፈቱ። ደብልዩ ወደ ኤሌክትሮን ወይም ወደ ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) ሲፈርስ አብሮ ኒውትሪኖ የሚባል ቅንጣት ይወጣል፣ ኒውትሪኖው ደግሞ መመርመሪያውን ሳይነካ ሹልክ ብሎ ያመልጣል፣ ስለዚህ ግዝፈቱን ቁርጥራጮቹን ደምሮ ማግኘት አይቻልም። ከተረፈው ምልክት ተነስቶ ማስላት የግድ ነው። አድካሚ ሥራ ነው። በ2022 በአሜሪካው ፌርሚላብ ላብራቶሪ የተሠራው የሲዲኤፍ ሙከራ 80,433.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ግዝፈት መለኪያ) ብሎ መጣ፣ ህዳጉ 9.4 ብቻ። የቅንጣቶች ዋናው ቲዎሪ፣ ስታንዳርድ ሞዴል፣ የሚጠብቀው 80,357 አካባቢ ነው። ጉድ ተባለ። በ2024 ደግሞ የአውሮፓው ሰርን ሁለት ሙከራዎች፣ አትላስ 80,366.5፣ ሲኤምኤስ 80,360.2 ይዘው መጡ። ሁለቱም ለቲዎሪው ቀረብ ያሉ ናቸው።

አሁን እነዚህ እንዴት ይዋሃዱ? የተለመደው ዘዴ ህዳጉ ጠባብ ለሆነው ልኬት የበለጠ ክብደት መስጠት ነው። እንዲያ ከሆነ ሲዲኤፍ አማካዩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ሌላም ጣጣ አለ። በፕሮቶን ውስጥ ያሉት ኳርኮችና ግሉዮኖች ጉልበቱን እንዴት እንደሚከፋፈሉ የሚገልጹት ሞዴሎች ሙከራዎቹ በከፊል የሚጋሯቸው ናቸው፣ ስለዚህ ሞዴሉ ከሳተ አብረው ይስታሉ፣ እንደማይተዋወቁ ምስክሮች አድርጎ መቁጠር ራስን ማታለል ነው። የቴቫትሮን (የፌርሚላብ ቅንጣት አጋጪ) እና የኤልኤችሲ (የሰርን አጋጪ) ሙከራዎች የጋራ ቡድን፣ ከሁለቱ የ2024 ውጤቶች በፊት፣ ያኔ የነበሩትን ልኬቶች ወደ አንድ መሠረት አምጥቶ አዋሃደ። ሁሉም ሲገቡ የመስማማት ዕድላቸው 0.5 በመቶ ሆነ። ሲዲኤፍ ሲቀር 91 በመቶ፣ ውጤቱም 80,369.2 ± 13.3። ፒዲጂም በ2024 እትሙ የያዘው ይህንን ነው።

ልብ በሉ፣ ሲዲኤፍ የት ጋ እንደሳተ ጣቱን ቀስሮ ያሳየ የለም። አማካዩ ውስጥ አልገባም፣ በቃ። ፒዲጂን የምወድለትም እዚህ ጋ ነው፦ ያልተጠቀመባቸውን ልኬቶች አይደብቅም፣ «ለአማካይ አልተጠቀምንባቸውም» በሚል መስመር ሥር ከነቁጥራቸው ይደረድራቸዋል። ካልተስማማችሁ ሂሳቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ኤስ የምትባለዋን ፊደልም አትለፏት። ልኬቶቹ ከህዳጋቸው በላይ ሲለያዩ ፒዲጂ የአማካዩን ህዳግ በዚህች ቁጥር አባዝቶ ያሰፋዋል። ኤስ 1.8 ካያችሁ ሰዎቹ እንዳልተስማሙ እወቁ። ዘዴው ሻካራ ነው፣ አጥፊው አንድ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ለሁሉም ይደርሳል። ግን ዝም ብሎ ጠባብ ህዳግ ከማሳየት ይሻላል። መግቢያው ላይ ያሉት የታሪክ ግራፎችም አሉላችሁ፤ አንዳንዱ ቁጥር ለዓመታት ተረጋግቶ ቆይቶ ድንገት ከራሱ ህዳግ ውጭ ሲዘል ይታያል። ከመላው እትም ሐቀኛው ገጽ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቅሬታዬ? መልኩ ያረጀ ነው፣ ስልክ ላይ ሰንጠረዦቹ ያሰለቻሉ። ዋናው ማብራሪያ ደግሞ ከቁጥሮቹ ተነጥሎ በሌላ ፋይል ነው ያለው። ለጀማሪ ግን የባሰው የቶፕ ኳርክ (ከኳርኮች ሁሉ ከባዱ) ገጽ ነው። አንዱ መስመር 172.5 አካባቢ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይላል፣ ሌላው ወደ 162 ይወርዳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የግዝፈቱ ትርጓሜ ነው የተለያየው። ግን ይህን የሚነግር አንድ ዓረፍተ ነገር እዚያው አጠገቡ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

ፒዲጂ የሚያወጣው የኪስ ቡክሌት ማጠቃለያ ቁጥሮቹን እንጂ ዝርዝሩን አልያዘም። ለፈተና ይበቃል፣ ለሌላ ግን ድረ ገጹን ክፈቱ። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ የፓይተን መሣሪያም አዘጋጅተዋል፣ ቁጥር በእጅ ከመገልበጥ ይገላግላል። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በቶፕ ኳርኩ ገጽ ነው።